«ማጠብ» በጨለማ ክፍል፦ ፊልምን በቤት የማውጣት ሙያና የስሞቹ ታሪክ

በአማርኛ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ፊልም ይታጠባል፤ ታጥቦም ፎቶው ይወጣል። እነዚህን ሦስት ግሦች ማንም ተናጋሪ መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ያውቃቸዋል። መሣሪያው «ካሜራ»፣ «ፊልም»፣ «ኔጋቲቭ» የሚሉትን ስሞች ይዞ ከውጭ ሲገባ፣ ለድርጊቱ ግን ተናጋሪው ከገዛ ጓዳው ያለውን ቃል አውጥቶ ሰጠው። ስሙን ተውሶ ግሡን ከቤት ማቅረብ አማርኛ ደጋግሞ የሚያደርገው ነገር ስለ ሆነ ይህ ብቻውን አያስደንቅም። እኔ እዚህ የማተኩረው ከሦስቱ በመካከለኛው፣ «ማጠብ» በሚለው ላይ ነው። የምጽፈውም ከሙያ ፍላጎት ብቻ ተነሥቼ አይደለም፤ ይህን ቃል ያለቦታው አስገብቼ የሰው ንብረት አበላሽቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከወጣትነቴ ጀምሮ በትርፍ ጊዜዬ ጥቁርና ነጭ ፊልም በቤቴ አጥባለሁ። በጠቅላላው ጊዜ ያለፈባቸው ነገሮች ወዳጅ ነኝ፤ በአሮጌ ካሜራ አነሣለሁ፤ ከአባቴ የቀረልኝን የፌልት ባርኔጣ በእንፋሎት እያቃናሁ አደርጋለሁ፤ ልጆቼም ይስቁብኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የጎረቤት ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ወጣት፣ ፊልም ማጠብ ሊማር ፈልጎ ወደ እኔ መጣ። ካሜራውን ከአያቱ ቤት ሣጥን ውስጥ አግኝቶታል፤ ፊልሙንና ኬሚካሉን ዘመድ ከውጭ አገር ልኮለታል። ከዕቃው ጋር የመጣውን የአንድ ገጽ የእንግሊዝኛ መመሪያ እንድተረጉምለት ለመነኝ፤ እኔም በአንድ ምሽት ተረጐምሁለት። መመሪያው አምስት ደረጃዎች ነበሩት። የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ስውሩን ምስል የሚያወጣውን፣ ሁሉም ሰው እንደሚለው «ማጠብ» አልሁት። አራተኛውን፣ ፊልሙ ላይ የቀረውን ኬሚካል በንጹሕ ውሃ የማስወገዱን ሥራ፣ «በውሃ ማጠብ» አልሁት። ከገጹ ግርጌ ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ክዳኑን ከፍቶ ማየት እንደሚቻል የሚገልጽ ማሳሰቢያ ነበረ። በእንግሊዝኛው የተጠቀሰው አራተኛው ደረጃ ነው፤ በእኔ አማርኛ ግን የትኛው እንደ ሆነ የሚለይ ምልክት አልነበረም።

ልጁ በቤቱ ብቻውን ሆኖ የመጀመሪያውን ፈሳሽ ጨመረ፤ ደቂቃውን ቆጠረ፤ ፈሳሹን ደፋ፤ ክዳኑንም በመብራት ሥር ከፈተ። ፊልሙ ዐይኑ እያየ ጠቆረ። በሠላሳ ስድስቱም ምስሎች ላይ የነበሩት አያቱ ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቡና ሲያፈሉ ያነሣቸው። «ጋሼ፣ ታጥቧል ብዬ እኮ ነው የከፈትሁት» አለኝ። የተሳሳተው እሱ አልነበረም። አያቱም ዳግመኛ ፎቶ ሳይነሡ በዚያው ዓመት ዐረፉ።

በጨለማው ዕቃ ውስጥ የሚሆነውን ባጭሩ ካልገለጽሁ የቃሉ ነገር ለአንባቢ ግልጽ አይሆንም። ፊልም ማለት የብር ጨው ቅንጣቶች በጀላቲን ተይዘው የተለበጡበት ስስ ፕላስቲክ ነው። ብርሃን የነካቸው ቅንጣቶች በዐይን የማይታይ ለውጥ ያገኛቸዋል። የመጀመሪያው ፈሳሽ እነዚህን ከሌሎቹ ለይቶ ወደ ጥቁር ብር ይለውጣቸዋል፤ ምስሉም ይወጣል። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው ዲ-76 የተባለው ቅመም ዛሬም ይህን ሥራ በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች በሚዛን እየለኩ የሚያዘጋጁት ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ 2 ግራም ሜቶል፣ 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፣ 5 ግራም ሃይድሮኪኖንና 2 ግራም ቦራክስ ይገባበታል። ሁለተኛው ፈሳሽ ቀለል ያለ አሲድ ሲሆን የመጀመሪያውን ሥራ ድንገት ያቆመዋል። ሦስተኛው ብርሃን ያልነካቸውን ቅንጣቶች አሟሙቶ ያስወግዳል። ከዚህ በፊት ፊልሙ ብርሃን ካየ እነዚያም ይጠቁራሉ፤ የልጁን ፊልም ያጠፋው ይኸው ነው። አራተኛው ውሃ ነው፤ አምስተኛው ማድረቅ። እንግዲህ ከአምስቱ ደረጃዎች ልብስ በሚታጠብበት ትርጕም «መታጠብ» ያለበት አራተኛው ብቻ ነው፤ በአማርኛ ግን ስሙን ለሥራው ሁሉ አውርሷል።

የሙያውን ቃላት መጀመሪያ ያወጡት ሰዎች ለቋንቋ ጥናት ባዕድ አልነበሩም። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ሄርሸል የብር ጨውን የሚያሟሟውን ኬሚካል በ1819 መርምሮ ጠባዩን ገለጸ፤ (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማርች 14 ቀን 1839 በለንደን ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ «ፎቶግራፊ» የሚለውን ስም አስተዋወቀ፤ ከግሪክኛው «ብርሃን» እና «መጻፍ» የተጣመረ ነው። በ1840 ደግሞ «ኔጋቲቭ» እና «ፖዚቲቭ» የሚሉትን ለዚሁ ሙያ አዋለ። በብራዚል ይኖር የነበረው ፈረንሳዊ ኤርኩል ፍሎራንስ ፎቶግራፊ የሚለውን ቃል በ1834 በማስታወሻው ጽፎት ነበር፤ ነገር ግን በማስታወሻ ደብተር ተዘግቶ የቀረ ቃል ተናጋሪ የለውም። ሄርሸል አንድ ስም ተሳስቷል። የሚያሟሟውን ኬሚካል «ሃይፖሰልፋይት» አለው። ኬሚስቶች ኋላ አርመው «ታዮሰልፌት» አሉት፤ ጨለማ ክፍሉ ግን አልሰማቸውም፤ እስከ ዛሬ «ሃይፖ» ይላል።

ሁለተኛው ሰው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ነው። ብርሃን ነክቶት ምንም ያልታየበት ወረቀት ጋሊክ አሲድና የብር ናይትሬት ሲቀባ ምስሉ ብቅ እንደሚል በ1840 ደረሰበት፤ ይህን በማድረጉም በወረቀት ላይ ፎቶግራፍ ማንሣትና ፎቶግራፍ ማውጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሆኑ። ታልቦት በ1847 የእንግሊዝኛ ቃላትን አመጣጥ የሚመረምር መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። በ1857 ደግሞ የኩኒፎርም ጽሕፈት በእርግጥ መነበብ መቻሉን ለማረጋገጥ አንድ የአሦር ጽሑፍ ለየብቻቸው ተርጕመው ትርጕማቸው ከተነጻጸረው አራት ሊቃውንት አንዱ ነበር፤ ሦስቱ ራውሊንሰን፣ ሂንክስና ኦፐርት ናቸው። ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ታልቦትን እንደ ሙያ ወንድም ባስተዋውቀው ድፍረት አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ግሡ እንመለስ። እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው ደረጃ የሚጠቀምበት ቃል ከፈረንሳይኛው «ዴቭሎፔ» የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጕሙ የተጠቀለለን መፍታት ነው። ጀርመንኛው «ኤንትቪከልን» እንደዚሁ ጥቅልል መፍታት ነው፤ የጣሊያንኛው «ዝቪሉፓሬ» ከተወሳሰበ ነገር ማላቀቅ ነው። ፈረንሳይኛ ፈሳሹን «ሬቬላተር» ይለዋል፤ ገላጭ ማለት ነው። ፋርስኛ «ዞሁር» ይላል፤ መታየት፣ መገለጥ። እነዚህ ሁሉ ከጣሳው ውስጥ ሆነው የሚያዩ ናቸው፤ የተደበቀ ምስል መኖሩን ያውቃሉ።

በሌላው ወገን የቆሙትን ቋንቋዎች ደግሞ እንመልከት። ቻይንኛ ለፎቶግራፍ «ሺ» የሚለውን ግሥ ያውላል፤ ልብስም እጅም የሚታጠብበት ነው። በሂንዲ ፊልም የሚሰጥ ሰው «ዱልዋና» ይላል፤ ማሳጠብ ማለት ነው። ስዋሂሊ «ኩሳፊሻ» ይላል፤ ማጽዳት። ቱርክኛ «ባንዮ» ይላል፤ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን መታጠቢያ ነው። ዐረብኛው «ተሕሚድ» ከአሲድ ስም የተገኘ ነው፤ የመጀመሪያው ፈሳሽ ግን የአሲድ ተቃራኒ ጠባይ ያለው በመሆኑ ስሙ በኬሚስትሪ አይን ትክክል አይደለም። አሲዱ ሁለተኛው ፈሳሽ ነው፤ እሱም ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል። ሌሎቹ ከበር ውጭ ሆነው አይተው ሲሰይሙ ዐረብኛው ሳያሸት አልቀረም። አማርኛ እንግዲህ ብቻውን አይደለም፤ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ቃል ከመረጡ ቋንቋዎች ጎን ቆሟል።

ይህ ልዩነት ስለ ተናጋሪው ዕውቀት ብልጫ ወይም ማነስ አንዳች አይነግረንም፤ ተናጋሪው የት ቆሞ እንደ ነበር ግን ይነግረናል። በመጀመሪያዎቹ አምሳ ዓመታት ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ምስሉን ራሱ ማውጣት ነበረበት። ይህን የለወጠው በ1888 ጆርጅ ኢስትማን ለገበያ ያቀረበው ኮዳክ ካሜራ ነው። («ኮዳክ» በማናቸውም ቋንቋ ትርጕም እንዳይኖረው ተብሎ የተፈጠረ ስም ነው፤ የስያሜ ባለሙያ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው።) ካሜራው ለ100 ምስሎች የሚበቃ ፊልም ተጐርሶበት በ25 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ወደ ሮቸስተር ከተማ ይልካል፤ 10 ዶላር ከፍሎም ፎቶዎቹንና እንደ ገና የጐረሰ ካሜራ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ለአብዛኛው ሰው ጨለማ ክፍል የሌላ ሰው ክፍል ሆነ።

በኢትዮጵያ ሙያው ከመነሻው በር የነበረው ነው። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ ነበር። ኋላም በቤተ መንግሥት የዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሲሠራ፣ ከእርሱም ቀጥሎ ልጆቹ ሲሠሩ፣ ሙያው በጥቂት ሰዎች እጅ ቆየ። ከዚያ በየከተማው «ፎቶ ቤት» ተከፈተ። ደንበኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይነሣል፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ የሚሆነውን አያይም፤ የሚያየው በሲባጎ ላይ በቆንጣጭ ተይዘው ውሃ የሚያንጠባጥቡ ወረቀቶችን ነው። ልብስ ታጥቦ ሲሰጣ ያየ ሰው ይህን አይቶ ሌላ ምን ይለዋል? በእኔ ግምት «ማጠብ» የተወለደው ከሳህኑ ይልቅ ከዚያ ሲባጎ ነው።

የፎቶ ቤቱ ሰዋስው ራሱን የቻለ ጥናት ይወጣዋል፤ እዚህ አንድ ነጥብ ብቻ ላንሣ። «ፎቶ ተነሣሁ» ስንል ባለቤቱ ተነሺው ሰው ነው፤ ፎቶው ደግሞ ግሡ በተደራጊ መልክ ሆኖም እንደ ተሳቢ አለ። «ፀጉሬን ተስተካከልሁ»፣ «ክትባት ተከተብሁ» ከሚሉት ጋር አንድ መደብ ነው፤ ሰው ራሱን ለባለሙያ አሳልፎ የሚሰጥባቸው ድርጊቶች ናቸው። ፊልም ግን ከዚህ መደብ አይገባም። «ፊልም ታጠብሁ» የሚል የለም፤ «አሳጠብሁ» ነው የሚባለው፤ ይህም የተላከ ሥራ ግሥ ነው። ደንበኛው በሰዋስውም ከበሩ ውጭ ነው። ሌላው ግሩም የፎቶ ቤት ቃል «ጉርድ ፎቶግራፍ» ነው፤ ከወገብ በላይ ያለውን ለመታወቂያ የሚያስፈልገውን ምስል «ጐረደ» ከሚለው ግሥ አውጥተው ሰየሙት። ቃሉን የሠራው ኮሚቴ አልነበረም፤ ማንም ኮሚቴ ከዚህ የተሻለ አያመጣም ነበር።

«ማጠብ»ን ከመውቀሴ በፊት አንድ ምስክር ልቁጠርለት። በአማርኛ ወርቅም ይታጠባል። ወርቅ አጣቢው ከወንዝ ዳር አፈር አንሥቶ በውሃ ሲያንገዋልል አፈሩን ማጽዳቱ አይደለም፤ በአፈሩ ውስጥ የተደበቀውን እያወጣ ነው። «ፊልም ማጠብ»ን በዚህ በኩል ካየነው ከፈረንሳይኛው «ገላጭ» ብዙም አይርቅም። በተቃራኒው፣ የእንግሊዝኛውን ቃል በመልኩ ብቻ የሚከተል ተርጓሚ ፊልሙን «ሊያለማው» ይችላል፤ ዛሬ ሶፍትዌር የሚሠራውም ሕንፃ የሚሠራውም «አልሚ» እየተባለ ነውና። ከዚያስ እጥበት ይሻለናል።

ስለ ባርኔጣ የምለው አጭር ነው፤ ግን ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። ሁለቱ አሮጌ ሙያዎች በአንድ መርዝ ይገናኛሉ፤ ይኸውም አባቶቻችን «ባዜቃ» ያሉት ፈሳሽ ብረት ነው። ዳጌር በ1839 ለዓለም የተገለጸውን ዘዴውን ሲሠራ በብር የተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ያለውን ስውር ምስል የሚያወጣው በባዜቃ እንፋሎት ነበር። የፌልት ባርኔጣ ሠሪዎችም የጥንቸልና የቢቨር ፀጉር በቀላሉ እንዲጠላለፍ ከባዜቃ በተሠራ ኬሚካል ያሹት ነበር። ፌልት ሳይፈተልና ሳይሸመን፣ ፀጉሩ በእርጥበትና በሙቀት ተረግጦና ተጠላልፎ የሚወጣ ጨርቅ ነው። በአሜሪካ በኮነቲከት ግዛት ባለችው በዳንቤሪ ከተማ ባርኔጣ ሠሪዎችን የሚይዛቸው የእጅ መንቀጥቀጥ በከተማይቱ ስም ይጠራ ነበር፤ በዚያ አገር ይህ አሠራር የቆመው በ1941 ነው። ባርኔጣውን ያደረገው ሰው ግን ይህን አያውቅም ነበር። እዚህም በር አለ።

«ባርኔጣ» የሚለው ቃል መጨረሻ ምንጩ ጣሊያንኛ መሆኑ የታወቀ ነው፤ «ቤሬታ» ከኋለኛው ዘመን ላቲን የመጣ የራስ መሸፈኛ ስም ነው። ይሁን እንጂ በቀጥታ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ ገባ የሚለውን ለመቀበል ሁለት ፊደሎች ይከለክሉኛል። ጣሊያንኛው ነ የለውም፤ ጠም የለውም። ሁለቱም ያሉት በዐረብኛው «ቡርኔይጣ» ነው፤ የፈረንጅ ባርኔጣ ማለት ነው። ቃሉ ከሜድትራንያን ባሕር ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ እኛ የመጣ ነው ባይ ነኝ፤ ከ1935ቱ ወረራ ጋር ማያያዝም አያስፈልግም። «ቆብ» ደግሞ ከግእዙ «ቆብዕ» ነው፤ ከዕብራይስጡ «ኮቫዕ» ጋር ይዛመዳል። የዕብራይስጡ ቃል በጥንት ዘመን የጦረኛ ራስ ቍር ነበር፤ ዛሬ በእስራኤል ማንኛውም ባርኔጣ ነው። በዚያ አገር የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የመነኵሴውን ቆብና የገበያውን «ኮቫ» ጎን ለጎን ይሰማሉ። የባርኔጣ ዓይነቶች ስም ሁሉ እንዲህ የተዛባ ነው። «ፓናማ» የሚባለው በኢኳዶር የሚታታ ነው፤ በፓናማ በኩል ስለ ተሸጠ የመተላለፊያውን ስም ወሰደ። «ፌዶራ» በ1882 ከታየው የሳርዱ ቴአትር ልዕልት የተገኘ ስም ነው፤ አሁን የወንድ ባርኔጣ ነው።

ልብ የሚባለው ግን የአማርኛ ግሦች ሀብት ነው። ዘውድ ይጫናል፤ ቆብ ይደፋል፤ ሻሽ ይታሰራል፤ ጥምጥም ይጠመጠማል፤ ነጠላ ይከናነቡታል፤ ባርኔጣ ይደረጋል፤ ሰላምታ ሲሰጡበትም እንደ ፎቶግራፍ «ይነሣል»። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ለእነዚህ ሁሉ አንድ ግሥ ብቻ ስለሚያገኝ «ለበሰ» ብሎ ያልፋል፤ በዚያች ቃል መነኵሴውም ንጉሡም ልዩነታቸው ይጠፋል። ራስ ላይ የሚሆነው ለሁሉም ስለሚታይ ግሡ ተትረፈረፈ። የፌልት አሠራር ግን በአማርኛ ስም የለውም፤ ከፋብሪካው በር ማንም አልገባምና።

በጨለማ ክፍል በኩል የተለወጠው ይህ ነው፤ ሰዎች ከበሩ እየገቡ ነው። ኮዳክሮም የተባለው ባለቀለም ፊልም በ2009 መመረት አቆመ፤ በካንሳስ ግዛት በፓርሰንስ ከተማ የነበረው የመጨረሻው አጣቢ ቤትም እሱን መቀበል በ2010 ዲሴምበር መጨረሻ ተወ። ኮዳክ ራሱ በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ነገሩ አበቃ ሲባል በ2018 ኤክታክሮም እንደ ገና ገበያ ገባ፤ በ2024 ደግሞ ፔንታክስ አዲስ የፊልም ካሜራ አወጣ። ገዢዎቹ በአመዛኙ በስልካቸው በነጻ ማንሣት የሚችሉ ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ ሥራውን በገዛ ቤታቸው ይሠሩታል፤ «አሳጠብሁ» የሚለው ግሥ ለእነርሱ አያገለግልም።

ለአገራችን አንባቢ የሚጥም አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1995 በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም አንድ መምህርና ተማሪዎቹ ፊልምን በቡና ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ፈጣን ቡናና የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ይቀላቀላሉ፤ ኋላ ቪታሚን ሲ ተጨመረበት። ሥራውን የሚሠራው ካፌይን አይደለም፤ ካፌይክ አሲድ የሚባለው ነው፤ ሁለቱ ስሞች ስለሚመሳሰሉ ተርጓሚ ይጠንቀቅ። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ምስሉ ደኅና ነው፤ ሽታው ግን ባለቤቴን ሁለት ቀን አስኰርፏታል።

ልጁ ፊልሙን ካጠፋ በኋላ ለአራተኛው ደረጃ የሚሆን ቃል ስፈልግ ሰነበትሁ። ከግእዝ «ኀፀበ»ን ለማንሣት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የ«አጠበ» እናት ስለ ሆነች ያንኑ ችግር በግእዝ መድገም ነበር። መፍትሔው ከመዝገበ ቃላት አልመጣም። አንድ ቅዳሜ ቤት ውስጥ ልብስ ሲታጠብ ሳለ «ታጥቧል፤ ገና አልተለቀለቀም» ሲባል ሰማሁ። ልብስ የሚያጥብ ሰው መቼም ሁለቱን አያደባልቅም፤ በሳሙና ይታጠባል፣ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ይጨመቃል፣ ይሰጣል። «ማጠብ» ወደ ፎቶ ቤት ሲገባ ባልንጀሮቹን ከገንዳው አጠገብ ትቷቸው ነበር። እኔ የሰለጠንሁት ቃላትን ለመሰብሰብ ነው፤ ይህን ግን አርባ ዓመት ስሰማው ኖሬ አልሰማሁትም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። «ማጠብ» የጠቅላላው ሥራ ስም ሆኖ ይቆይ፤ ሕዝብ የሠራው ነውና ማንም አይነቅለውም፤ ሊነቀልም አይገባውም። በመመሪያ ውስጥ ግን ለማናቸውም ነጠላ ደረጃ አይዋል። የመጀመሪያው ደረጃ «ማውጣት» ይባል፤ «ፎቶው ወጣ?» የሚለው ጥያቄ በፎቶ ቤት ደጃፍ ቀድሞም ነበረ። ፈሳሹን «ማውጫ» ማለት አይቻልም፤ ቃሉ በመጽሐፍ መግቢያ ላይ ሥራ ይዟል፤ «አውጪ» ይሁን። ሁለተኛው «ማስቆም»፣ አራተኛው «ማለቅለቅ»፣ አምስተኛው «ማድረቅ» ናቸው፤ ክርክር አይፈልጉም። ያስቸገረኝ ሦስተኛው ነው። «ማርጋት» ከወተት ጋር ይጋጫል፤ ያንን ትቼ «ማጽናት» አልሁ፤ ምስሉ ከዚያ በኋላ ብርሃን ቢያይም ጸንቶ ስለሚኖር። ፈሳሹም «አጽኚ» ይሆናል። የስብከት ድምፅ አለው የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ፤ አልተሳሳቱም።

መመሪያውን እንደ ገና ጽፌ ለልጁ ሰጠሁት፤ ማሳሰቢያውም «ፊልሙ ጸንቶና ተለቅልቆ ሳያበቃ ክዳኑ አይከፈት» የሚል ሆነ። ሁለተኛውን ፊልም ያነሣው በእኔ ቤት ነው። «ጋሼ፣ ባርኔጣዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉት፤ ዐይንዎ አይታይም» እያለ ከግማሽ በላዩን በእኔ ላይ ጨረሰው። አብረን አወጣነው፤ አስቆምነው፤ ሦስተኛው ፈሳሽ ከተደፋ በኋላም «አሁን ይለቅለቅ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኋላ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎት ሳይ «አጽኚ» የሚለውን በእርሳስ ሰርዞ ከላዩ «ሃይፖ» ብሎ ጽፎበታል። ወደ ቃላቱ ካርድ ስመለስ ሁለቱንም አስፍሬአለሁ፤ የእሱን አስቀድሜ።